የባሕርን ጎርፍ አስቀድሞ ስለ ማስላት

ሱናሚ ማለት ከባሕር በታች ያለው ምድር በተናወጠ ጊዜ የሚነሣ ታላቅ ማዕበል ነው። ነፋስ የሚያነሣው ማዕበል የባሕሩን ላይኛ ክፍል ብቻ ያውካል፤ ሱናሚ ግን ውሃውን ከላይ እስከ ታች ያንቀሳቅሰዋል። ፍጥነቱም በጥልቀቱ ልክ ነው፤ ጥልቀቱ 4000 ሜትር በሆነበት ስፍራ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 10 ሜትር በሆነበት ግን ወደ 36 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በዳር የፊተኛው ውሃ ሲዘገይ የኋለኛው ስለሚደርስበት፥ ማዕበሉ ከፍ እያለ ወደ የብስ ይገባል።

ሊቃውንት ይህ ጎርፍ እስከ ወዴት እንደሚደርስ ለማወቅ ኮምፒዩተር በሚባለው የስሌት መኪና ይሠራሉ። አስቀድመው ባሕሩንና የብሱን እንደ ዳማ ገበታ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይከፍሉታል፤ ለእያንዳንዱም ጥልቀቱን ወይም ከፍታውን ይመድቡለታል። ቀጥሎም የምድር መናወጡን ኃይል ገምተው፥ ከአንዱ ክፍል ወደ ጎረቤቱ የሚያልፈውን ውሃ በየቅጽበቱ ያሰላሉ። በመጨረሻም ውሃ የሚደርስበትን ስፍራ በካርታ ላይ በቀለም ያመለክታሉ።

ነገር ግን ግምቱ ከተሳሳተ ስሌቱም ይሳሳታል። በጃፓን አገር በካማይሺ ከተማ፥ ኡኖሱማይ በሚባለው ሰፈር የነበሩት ሁለት ትምህርት ቤቶች በካርታው ጎርፍ ከማይደርስበት ስፍራ ተቆጥረው ነበር። ልጆቹ ግን በካርታው ብቻ እንዳይታመኑ ተምረው ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓመተ ምሕረት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓመት፥ ልኩ 9.0 የሆነ የምድር መናወጥ ሆነ። ኃይሉ አንሶ ስለ ተገመተ፥ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ለዚያ አውራጃ የ3 ሜትር ማዕበል ብቻ ተናገረ፤ የመጣው ግን ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ነበር። ተማሪዎቹ ወደ ከፍታ ሮጡ፤ ታላላቆቹም የታናናሾቹን እጅ ያዙ። ከተወሰነላቸው መሸሸጊያ በደረሱ ጊዜ፥ ስፍራው የማያስተማምን መሆኑን አይተው እንደ ገና ወደ ላይ ወጡ። ውሃውም ትምህርት ቤቶቹን አጥለቀለቀ፤ ወደ ኋላ የተዉትንም መሸሸጊያ ዋጠው፤ ከ500 የሚበልጡት ልጆች ግን ዳኑ።

እንግዲህ በካርታ ላይ የተሰመረው መስመር የግምት ወሰን ነው እንጂ የውሃ ወሰን አይደለም። ባሕር በሌለበት በወንዝ ዳር መንደርም ቢሆን፥ ሽማግሌዎች ቀድሞ ጎርፍ የደረሰበትን ምልክት ለልጆች ያሳዩ፤ መምህሩም ከምልክቱ በላይ የሚያወጣውን መንገድ በእግራቸው ያለማምዳቸው።