ፓውዛ ላማረው የወንድሜ ልጅ

በቴሌግራም የላክኸውን የመብራት ፎቶ አየሁት። ኤሌክትሪክ ብስክሌት መግዛትህን እናትህ ነግራኛለች፤ ጨለማው አስቸግሮህ ፓውዛ ልትሰቅልበት ማሰብህን ግን ገና ካንተ ሰማሁ። "ጋሼ፣ ሁለቱን ሽቦ በቀጥታ ባትሪው ላይ ባስረው ምን ይለኛል?" ብለሃል። ምንም አይልህም፤ አንዴ ቦግ ብሎ ጸጥ ይላል። ያውም ዕድለኛ ከሆንክ ነው።

ዕድሜዬን በመኪና ኤሌክትሪክ ስለጨረስኩ፣ ስለ መብራቱ ጠይቀኸኝ ስለ ሽቦው ባበዛብህ አትቀየመኝ። ነጥቦቹን ቁጥር የሰጠኋቸው "ጋሼ፣ አራተኛው አልገባኝም" ብለህ እንድትደውልልኝ ነው።

1. 48 ቮልት የባትሪህ መጠሪያ ነው እንጂ ልኩ አይደለም። እንዳንተ ያለው ባትሪ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 13 የሊቲየም ሴሎች ተከታትለው ታስረዋል። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ በ13 ስታባዛው 54.6 ነው። ሲያልቅ ደግሞ ወደ 40 ይወርዳል። እንግዲህ "እስከ 48 ቮልት" የሚል መብራት ገዝተህ፣ ሌሊቱን ቻርጅ ሲደረግ ባደረ ባትሪ ብታበራው ከአቅሙ በላይ ነው የምታጎርሰው። 36 የሚባለውም ሲሞላ 42 ነው። ስትገዛ ከመጠሪያው ሳይሆን ከሙሉው ቁጥር ተነሣ፤ በላዩም ትርፍ ይኑረው።

2. ይህ ባለ 60 ቮልት ስኩተር ለሚነዳው ጓደኛህ ነው፤ ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ልናገረው። እነዚያ ስኩተሮች እጄ ላይ መውደቅ ሲጀምሩ፣ ሆዳቸው ውስጥ ባለ 12 ቮልት አምስት የእርሳስ ባትሪዎች ተደርድረው አየሁ። "12 ቮልት እዚሁ እያለልኝ ኮንቨርተር ለምኔ?" አልኩና፣ የአንድ ልጅ መብራት ከዳር ካለችው ባትሪ ላይ ቀዳሁለት። ደማቅ ነበር፤ መርቆኝ ሄደ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ስኩተሩን እየገፋ መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቻርጀሩ የአምስቱን ድምር እንጂ እያንዳንዷን ለይቶ አያይም። መብራቱን የምትመግበው አንዷ ሳትሞላ ታድራለች፣ አራቱ ከልክ በላይ ይጠጣሉ። የጎደለችው ሳህኖቿ ሰልፌት ጋግረው ሞተች፤ ሌሎቹንም ይዛ ሄደች። የጉልበቴን አልተቀበልኩትም፣ የአምስቱን ባትሪ ዋጋ ግን ልጁ ከኪሱ ከፈለ። እስካሁን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ እኔ ነኝ የማፍረው።

አንተም የሊቲየሙን ሣጥን ከፍተህ ከሦስት አራት ሴል 12 ቮልት ልቀዳ እንዳትል። ጥፋቱ ያው ነው፤ በዚያ ላይ ሴሎቹን የሚጠብቀውን ቢኤምኤስ የሚሉትን ሰሌዳ አልፈህ ትሄዳለህ። ሊቲየም ሲናደድ እንደ እርሳስ ባትሪ ዝም ብሎ አይሞትም፤ ይነዳል። ለሞተሩ ከሚወጣው መስመር ላይ ቅዳ፣ እሱ በሰሌዳው በኩል ያለፈ ነው።

3. ኮንቨርተር ግዛ። 54.6ውን ተቀብሎ 12 አድርጎ የሚሰጥ ትንሽ ሣጥን ነው፤ ዝናብ እንዳይገባው በሙጫ የተደፈነውን ምረጥ። መግቢያው 60 ወይም ከዚያ በላይ የሚችል፣ መውጫው 3 አምፔር የሚሰጥ ይሁን። 20 ዋት መብራት በ12 ቮልት 1.7 አምፔር አካባቢ ስለሚወስድ ይተርፈዋል። ሰፈራችሁ ያለው ልጅ "ሬዚስተር ጣልበት፣ ይበቃዋል" ቢልህ ይህን ሒሳብ ስጠው፦ ከ48 ወደ 12 ለማውረድ 36 ቮልት ሬዚስተሩ ላይ ይቀራል፤ በ1.7 አምፔር ስታባዛው 60 ዋት ሙቀት ነው። 20 ዋት ለማብራት 60 ዋት የሚያነድ ምድጃ ብስክሌት ላይ መጫን ማለት ነው። ፎቶው ላይ ያለው መብራትህ "ከ12 እስከ 80 ቮልት" ይላል፤ እውነት ከሆነ ኮንቨርተሩ ውስጡ አለ፣ ሌላ አትገዛም። መጀመሪያ ግን እኔ ቴስተር ላግባበት።

4. ፊውዝ። እዚህ ላይ ከቸኮልክ ሌላውንም ባታነበው ይሻላል። መብራትህ ከባትሪው የሚፈልገው ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞላም። ባትሪው ግን ሁለቱ ሽቦ ከተነካካ በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር ባንድ ጊዜ ይለቃል። ቀጭኗ የመብራት ሽቦ ያን ስትሸከም እንደ ምድጃ ሽቦ ትቀላለች፤ ከተቀመጥክበት ሥር። ስለዚህ ፊውዙን መብራቱ አጠገብ ሳይሆን ባትሪው አጠገብ፣ ከፖዘቲቩ አንድ ስንዝር ሳይርቅ አድርገው። ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውምና ባጠረ ቁጥር ይሻላል። 2 ወይም 3 አምፔር ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እኔም ዘግይቼ ነው ያስተዋልኩት። እኛ ጋራዥ የምንጠቀምበት ባለ ምላሱ የመኪና ፊውዝ ብዙውን ጊዜ 32 ቮልት የተባለለት ነው። በ54 ቮልት ሲቃጠል ብልጭታው ክፍተቱን ዘሎ መንገዱን ሊቀጥል ይችላል። 58 ወይም 80 ቮልት የሚል ጠይቅ። ባለሱቁ "ሁሉም አንድ ነው" ካለህ ሌላ ሱቅ ሂድ።

5. ሽቦው የሚበላሸው አንገቱ ላይ ነው፣ መሪው በሚዞርበት። ትርፍ ተውለት፤ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙረህ መወጠሩን እይ። መጋጠሚያውን ጠምዝዘህ ናስትሮ ብቻ አትጠቅልልበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የርካሽ ዕቃ ቀይና ጥቁር ደግሞ አንዳንዴ ይዋሻል፤ ለክተህ እመን።

6. "20 ሺህ ሉመን" የሚለውን እርሳው። ጥሩ ኤልኢዲ በአንድ ዋት ከ100 እስከ 150 ሉመን ቢሰጥ ነው፤ 20 ዋቱ ከ3 ሺህ አያልፍም። የመኪናው ኤች 4 አምፖል በአጭሩ መብራት 1 ሺህ ሉመን አካባቢ ነው፣ በእሱም ሰው ስንት አገር አቋርጧል። ካርቶኑ እንደሚለው ቢሆን የአሥር መኪና መብራት ተሸክመህ ልትሄድ ነው።

7. አሁን ወደ ሰው እንምጣ። ከተማችን ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ ለብስክሌት የተፈጠረች፤ ግን ማታ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ከፈረቃ የሚወጡትን ሴቶች መንገድ ዳር አስባቸው። ባጃጁንም አስበው። ክብ ፓውዛ ብርሃኑን እንደ ባልዲ ውኃ ሁሉም ቦታ ይደፋዋል፤ ዓይኑ የጠፋበት ባለባጃጅ ደግሞ የሚያጥፈው ወደ አንተ ወይም ወደ እነሱ ነው። ከላይ በኩል ብርሃኑ በመስመር የተቆረጠ፣ ወደ ታች ብቻ የሚዘረጋ ዓይነት አለ፤ ውድ ቢሆንም እሱን ፈልግ። ነጭ የሚመስለው ኤልኢዲ በመሠረቱ ሰማያዊ ነው፤ ነጭ የሚያስመስለው ላዩ ላይ ያለው ቢጫ ዱቄት ነው። ያችን ሰማያዊ ብርሃን ያስገኙ ሦስት የጃፓን ተወላጆች በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውባታል፤ ይገባቸዋል። ለመጪው ሰው ዓይን ግን የምትቆረቁረው እሷ ስለሆነች ወደ ቢጫ የሚያደላውን ምረጥ።

ምን ያህል ርቀት ማየት ያስፈልግሃል? በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በሴኮንድ 7 ሜትር ታልፋለህ። አይተህ እስክትደነግጥና ፍሬኑ ይዞ እስኪያቆምህ 15 ሜትር በለው፤ ሲዘንብ ይጨምራል። 25 ሜትር የሚያሳይህ ይበቃሃል። እንዲህ አስተካክለው፦ ከግድግዳ 5 ሜትር ቁም፣ ብስክሌቱ ላይ ተቀመጥ፣ ወንድምህ በመብራቱ ቁመት ልክ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ያስምር። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመስመሩ አንድ ስንዝር ዝቅ ይበል። መብራቱ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ ብርሃኑ 25 ሜትር ላይ መሬት ይነካል፤ የማንም ዓይን ውስጥ አይገባም።

የእኔ ብስክሌት ዲናሞ ነበረው፤ ጎማውን እየታከከ የሚዞር፣ 6 ቮልት፣ 3 ዋት። ዳገት ላይ ስደክም አብሮኝ ይደክማል፣ ስቆም ይጠፋል። በዚያ መብራት ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ አውቃለሁ፤ ሰው ግን አላሳወርኩም።

8. ኪሎ ሜትር ይቀንስብኛል ብለህ አትስጋ። ባትሪህ 10 አምፔር ሰዓት ከሆነ 480 ዋት ሰዓት ይይዛል። 20 ዋት ሁለት ሰዓት ቢበራ 40 ነው፤ ከአሥራ ሁለት እጅ አንዱ። ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ቢያስቀርብህ ነው።

9. ማብሪያ ማጥፊያውን ከኮንቨርተሩ በኋላ ካደረግኸው፣ መብራቱ ቢጠፋም ኮንቨርተሩ ትንሽ ትንሽ እየጠጣ ይቆያል። ለአንድ ሌሊት ምንም አይደል፤ ክረምቱን ሙሉ ካቆምከው ግን ባትሪውን ይጨርሰዋል። ስታቆም ንቀለው።

10. የኋላውን ቀይ መብራት ጭራሽ አላነሣኸውም። ፊተኛውን ከመስቀልህ በፊት ግዛው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብስክሌቱን ይዘህ ና። ቴስተሩም ካውያውም እኔ ጋ አለ፤ እስከዚያ ምንም አታገናኝ። ፊውዙን ሦስት አድርገህ ግዛ፤ አንዱን እንደምታቃጥለው አውቃለሁ።