ጭሱ እዚህ ነው፤ እሳቱስ የት ነው?

 

የዛሬው ትምህርት የሚጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት ደሃና ላይ በተከዜ በኩል ያለው ቆላ በጭስ ተሸፍኖ አደረ። ማዶው አይታይም፤ ዓይን ይቆጠቁጣል። ስልኬን ስከፍት በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንድ ሰው «ኮረብታውን ያቃጠሉት እገሌ ናቸው፤ ትናንት ማታ ማር ሲቆርጡ ታይተዋል» ብሎ ለጥፏል። ሰውየውን አውቃቸዋለሁ። በዕድሜ የገፉ ክርስቲያን ጎረቤታችን፣ ንብ አናቢ ናቸው። ማር የሚቆርጥ ሰው ኩበት እንደሚያጨስ ዋግ ውስጥ የማያውቅ የለም። «እሳት በሌለበት ጭስ የለም» አልኩና ሼር አደረግሁት።

ከዐስር ሶላት በኋላ ግን ልቤ አላርፍ አለ። ናሳ ለሁሉም በነፃ የከፈተው ፊርምስ የሚባል የእሳት ካርታ አለ፤ በስልክም ይሠራል። ከፈትኩት። በምዕራብ ቆላ፣ በቤኒሻንጉልና በጋምቤላ በኩል፣ ቀያይ ነጥቦች ፈሰዋል። እኛ ኮረብታ ላይ አንድም የለም።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ እዚህ ላይ «እንግዲያው ጭሱ ከምዕራብ ነው የመጣው» ለማለት አትቸኩሉ። እኔም ቸኩዬ ነበር። መጀመሪያ ሳተላይት እንዴት እንደሚያይ እንረዳ።

ሳተላይት እሳትን የሚለየው በሙቀቱ ነው። ቪርስ የሚባለው መሣሪያ ምድርን 375 ሜትር በ375 ሜትር በሆኑ ቁራጮች እየከፈለ ያያል፤ ከዙሪያው ተለይቶ የጋለ ቁራጭ ካገኘ ነጥብ ያደርግበታል። መሣሪያውን የተሸከመችው እያንዳንዷ ሳተላይት በአገራችን ሰማይ የምታልፈው ከቀኑና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በመካከሉ ነዶ የጠፋ እሳት ያመልጣታል። ደመና የሸፈነውንም አታይም። ትንሽ የኩበት ጭስማ ከነጭራሹ አይታያትም።

ጭሱን መከተል ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ጭስ ከላይ ሲታይ ደመና ወይም አቧራ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ባለሙያዎች በአንድ ፎቶ አይፈርዱም። ሴንቲኔል 5ፒ የምትባለው ሳተላይት በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ትለካለች። ይህ ጋዝ ከእሳት ወጥቶ ለሳምንታት አየር ላይ ስለሚቆይ ጭሱ አህጉር ሲያቋርጥ ዱካው ይታያል። ከዚያ የነፋሱን አቅጣጫ ይመረምራሉ፤ ጭሱን በስሌት ወደ ኋላ እየመለሱ መነሻውን ይፈልጋሉ። ከፍታውንም ይጠይቃሉ፤ ከላይ የታየ ጭስ ሁሉ መሬት ላይ ያለ ሰው የሚተነፍሰው አይደለምና። በ2024 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው ኧርዝኬር ወደ ታች የብርሃን ጨረር እየላከች ይህን ከፍታ ትለካለች።

ይህ ሁሉ ሲሟላ ውጤቱ ያስደንቃል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ የኃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። የወጣው የዱር ጭስ ሳይሆን አመድና ጋዝ ነበር፤ አከታተሉ ግን ተመሳሳይ ነው። 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው አንድ አካባቢ የሚጠብቁ ሳተላይቶች በየ15 ደቂቃው ምስል ይልካሉ። ምስሎቹ ሲደረደሩ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል ወደ ፓኪስታንና ሕንድ ሲሄድ ታየ። ሕንድ ውስጥ በረራዎች ተሰረዙ። ዴልሂ ያለ ሰው ከራሱ በላይ ያለው አመድ ከአፋር መነሳቱን ያወቀው ገምቶ አይደለም፤ ዱካው ሳይቋረጥ ስለታየ ነው።

አሁን ወደ እኔ ካርታ እንመለስ። በእጄ የነበረው ምንድን ነው? ሩቅ ያሉ ነጥቦች፣ ያላየሁት ነፋስ፣ ትንሽ እሳት የማይታየው ዓይን። ካርታው ሽማግሌውን አልከሰሰም፤ ነፃም አላወጣቸውም። እውነተኛው መልስ «አላውቅም» ነበር። እኔ ግን ጠዋት እንደሚያውቅ ሰው ተናግሬያለሁ።

ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ላይ አላህ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘናል፤ ምክንያቱንም ይነግረናል፦ ሳናውቅ ሰው እንዳንጎዳና ኋላ እንዳንጸጸት። ያን አንቀጽ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ጣቴ «ሼር»ን ሲነካ ግን ትዝ አላለኝም።

በማግስቱ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ሌሊት ሁለት ቀፎ ተሰብሮባቸዋል። ማን እንደሰበረው አልታወቀም። አንገቴን ደፍቼ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ወሬውን ካሰራጩት አንዱ እኔ ነኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ጭሱን ያየ ብዙ ነው፤ እሳቱን አየሁ ብሎ እፊቴ የቆመ ግን አንድም የለም» አሉኝ። ይቅር አሉኝ። የቀፎውን ዋጋ ከፈልኩ፤ ግሩፑም ላይ ስህተቴን በስሜ ጻፍኩ። ወሬውን ግን ከየሰው ስልክ መልቀም አልቻልኩም። እሱም እንደ ጭስ ነው፤ ከእጅ ከወጣ ወዲያ ነፋስ ይወስደዋል።

«እሳት በሌለበት ጭስ የለም» የሚለው ተረት እውነት ነው። እሳቱ የት እንዳለና የማን እንደሆነ ግን አይነግረንም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ ስልክህን፣ ስልክሽን ስትከፍቱ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህን በዓይኑ ያየው ማን ነው? ያየው ሰው፣ ወይም ካርታው፣ ማየት የማይችለው ምንድን ነው? ወሬው ሐሰት ቢሆን ዛሬ ማታ የማን ቀፎ ይሰበራል? መልስ ካጣችሁ «አላውቅም» በሉና እለፉ። «አላውቅም» ማለት የዕውቀት በር እንጂ ውርደት አይደለም።

አላህ ምላሳችንንም ጣታችንንም ይጠብቅልን፤ የጎረቤት ሐቅ ተሸክመን ከመቅረብ ያድነን። ኣሚን።