ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ገበያውን የሚያሳየው ማን ነው?

 

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ሰሞን በየአገሩ የሚደረገው ስንብት ተመሳሳይ ነው። ልጁ ከወሎም ይነሳ ከባሌ፣ ከጅማም ይሁን ከስልጤ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዱዓ ያደርጉለታል። እናት በሶና ቆሎ ትቋጥራለች። አባት ምክሩን ይጀምራል፤ ሰላትህን እንዳትተው፣ ጓደኛህን ምረጥ፣ ከመጠጥና ከሱስ ራቅ፣ ሰው አታስቀይም። ምክሩ ሁሉ ትክክል ነው፤ አንድም የሚጣል የለውም። ነገር ግን ልጁ አዲስ አበባ ደርሶ ሻንጣውን እንደያዘ ስድስት ኪሎ በር ላይ ሲቆም፣ ከዚያ ሁሉ ምክር ለዚያች ቀን የሚሆነው ጥቂት ነው። ኮርስ እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ሃንድአውት የት እንደሚባዛ፣ መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲሮጥ ያመለጠው ከማን እንደሚጠየቅ፣ መግሪብ የት እንደሚሰገድ የነገረው የለም። ሊነግረው የሚችልም አልነበረም፤ ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የመጀመሪያው እርሱ ነውና።

ስለ ካምፓስ ሕይወት በየመድረኩ ሲነገር የምንሰማው በአመዛኙ ስለ ፊትናው ነው። ፊትናው የለም አልልም። ይሁን እንጂ እስካሁን ካየሁት በመነሳት፣ አዲስ ገቢውን ቀድሞ የሚያገኘው ብቸኝነትና ዝምታ ነው እላለሁ። ሌላው ሁሉ የሚገባው እሱ በከፈተው በር ነው።

ዝምታው ከየት ይመጣል? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። የተከታዩ ዓመትም 3.2 ከመቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ወንፊት ያለፈ ልጅ በትምህርት ቤቱ የተመሰገነ፣ ሌሎች የሚጠይቁት እንጂ እሱ ማንንም ጠይቆ የማያውቅ ነው። በማካካሻ ፕሮግራም በኩል የመጣው ደግሞ «ሬሜዲያል» የምትለዋን ቃል እንደ ስድብ ይሰማታል። ሁለቱም የመጀመሪያውን ሚድ ተፈትነው ከ30 ዘጠኝ ሲያገኙ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ማታ ከቤት ስልክ ይደወላል። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። በሁለቱም ወገን ንግግሩ እዚያው ያልቃል።

አንድ የማውቀው ልጅ አለ። የመጣው ከገጠር ነው፤ አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፍል ውስጥ ተነስቶ ሲጠይቅ አማርኛና እንግሊዝኛው ተደበላለቀበትና ከኋላ ያሉት ሳቁ። ምናልባት ክፋት አስበው አልነበረም። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አፉን አልከፈተም። ቀጥሎ የኋላ ወንበር ያዘ፤ ቀጥሎም ከክፍል መቅረት ጀመረ። ሰላቱን ግን አልተወም! እንዲያውም ውሎው ሁሉ መስጂድ ሆነ። ውጤቱ ሲመጣ ከ2.00 በታች ነበር፤ በሁለተኛው መንፈቅም አልተሻለውምና ከዩኒቨርሲቲው ተሰናበተ። አባቱ የሰሙት ከወራት በኋላ ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሌላው ነው፤ ያ ልጅ ዓመት ሙሉ በመጀመሪያው ሰፍ በሰገደበት መስጂድ ውስጥ «ስምህ ማነው? ምን ትማራለህ?» ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ኢማሙ ፊቱን ያውቁታል፤ ስሙን ግን አያውቁም።

የመዲና ትኩሳት

ይህ ነገር ለኡማው አዲስ አይደለም። በ622 ሙሃጂሮች መዲና ሲገቡ አገሩ አልተስማማቸውም። መዲና ያኔ ትኩሳት የሚበዛባት ከተማ ነበረች። አቡበክርና ቢላል (ረ.ዐ.) ታመው ተኙ። አዒሻ (ረ.ዐ.) ልትጠይቃቸው ስትገባ አባቷ በትኩሳት ውስጥ ሆነው ስለ ሞት ይናገራሉ። ቢላል ደግሞ ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርገው ድምፁን ከፍ አድርጎ የመካን ሸለቆ፣ የሸለቆውን ሣርና የምንጩን ውኃ በግጥም ይናፍቃል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ቢላል የናፈቀው የትኛውን መካ ነው? በጋለ አሸዋ ላይ አስተኝተው ድንጋይ የጫኑበትን መካ ነው! ነጻ ወጥቶ፣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎን ሆኖ፣ ያሰቃየውን አገር ሣር ይናፍቃል። የሰው ልጅ እንዲህ ነው። አዒሻ ይህን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስትነግራቸው ኢማኑ ደክሟል አላሉም፤ «ወንድ ልጅ አይናፍቅም» ብለውም አልገሠጹም። አላህ መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ በበለጠ እንዲያስወድዳቸው፣ አየሯን ጤናማ እንዲያደርገው፣ ትኩሳቷን ወደ ጁሕፋ እንዲያዛውረው፣ የእህል መስፈሪያዎቿን እንዲባርክ ዱዓ አደረጉ። የእህል መስፈሪያ! ለሰው አዲስ ከተማ የሚወደድለት ኑሮው ሲሰምርለት መሆኑን ዱዓው ራሱ ያመለክታል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ዶርም ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያለቀሰ ወንድም ወይም እህት ካለ፣ ከቢላል የባሰ አላደረገም።

ዱዓው ብቻውንም አልነበረም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እያንዳንዱን ሙሃጂር ከአንድ አንሷሪ ጋር ወንድማማች አደረጉ። ከእነዚህ መካከል የዐብዱራሕማን ኢብን ዐውፍና የሰዕድ ኢብን ረቢዕ (ረ.ዐ.) ታሪክ የታወቀ ነው። ሰዕድ ባለጸጋ ነበርና ግማሽ ሀብቱን ሊያካፍለው አቀረበ። ዐብዱራሕማን መርቆት፣ ገበያው የት እንደሆነ ብቻ እንዲያሳየው ጠየቀ። የበኑ ቀይኑቃዕ ገበያ ተጠቆመ፤ እዚያ በቅቤና በደረቅ እርጎ ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ አንዲት የአንሷር ሴት አገባ።

ይህን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የምናወሳው ስለ ሰዕድ ቸርነት ወይም ስለ ዐብዱራሕማን ኩራት ነው። እኔን የሚገርመኝ መካከል ላይ ያለው ነገር ነው። ዐብዱራሕማን መካ ውስጥ የታወቀ ነጋዴ ነበር። ቢሆንም አላውቅም ለማለት፣ መንገድ ለመጠየቅ አላፈረም። ሰዕድ ባይኖር ደግሞ ጥያቄው ለማን ይቀርብ ነበር?

የዛሬው ተማሪ ገበያ

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ተመልሷል። ተማሪው ሳይኮሎጂውን፣ ጂኦግራፊውን፣ ሒሳቡን፣ የእንግሊዝኛ ኮርሶቹን ከብዙ ሰው ጋር ተቀላቅሎ ይማራል፤ ወደሚፈልገው የትምህርት ክፍል የሚያስገባው በዚያ ዓመት የሚያመጣው ውጤት ነው። እንግዲህ ገበያው ይህ ነው። የቀደመው ዓመት ፈተና በማን እጅ እንዳለ፣ መምህሩ በቢሮው ተማሪ የሚቀበልበት ሰዓት መቼ እንደሆነ፣ ኮርስ ማቋረጥ የሚቻልበት ቀን መቼ እንደሚያልፍ የሚያውቀው ሲኒየሩ ነው። አዲስ ገቢው በመጀመሪያው ወር ከራሱ የትምህርት መስክ አንድ ሲኒየር ፈልጎ መያዝ አለበት። ያገሩ ልጅ ባይሆንም ግድ የለም።

ዑመር (ረ.ዐ.) ከመዲና ከፍ ብሎ በሚገኘው ዐዋሊ ሲኖሩ ከአንድ አንሷሪ ጎረቤታቸው ጋር ተራ ገብተው ነበር። አንድ ቀን እርሳቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ይውላሉ፣ አንድ ቀን ጎረቤታቸው፤ ማታ የዋለው ላልዋለው የሰማውን ይነግራል። ሁለት ተማሪዎች በየምሽቱ ግማሽ ሰዓት እንዲህ ቢያደርጉ፣ አንዱ ያልገባውን ሌላው ቢያስረዳው፣ ከፈተና ሳምንት የሌሊት ሽምደዳ ይበልጣል። (ለቀረ ጓደኛ አቴንዳንስ መፈረም ግን ከዚህ አይቆጠርም፤ እሱ ውሸት ነው።)

ስለ ሰላት ሰዓት አንድ ተግባራዊ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ የሰላት ወቅቶች ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጡም፤ የመግሪብ ሰዓት ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ፕሮግራሙ እንደተለጠፈ ሳምንቱን አንድ ጊዜ ማስተካከል ይቻላል። ዙህር በምሳ እረፍት ላይ ይውላል። ዐስር ወቅቱ ሰፊ ነውና ከከሰዓቱ ትምህርት በኋላ ይደረሳል። ጠባቡ መግሪብ ነው፤ ከካፌ ራትና ከላይብረሪ ቦታ መያዝ ጋር የሚጋጨውም እሱ ነው። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለችው አንድ ሰዓት ገደማ ብዙ ተማሪ በወሬ የሚያባክናት ናት። የጁምዓ ሰዓት ከትምህርት ጋር ከተጋጨ መምህሩን በመጀመሪያው ሳምንት በአክብሮት ማነጋገር እንጂ በፈተናው ዕለት መጋፈጥ አይበጅም። በግቢ ውስጥ በጀመዓ መስገድ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አይፈቀድም፤ የሚጠቀሰውም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ነው። ክርክሩ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ለአዲስ ገቢው የሚበጀው ግን ቅርብ ያለውን መስጂድና የእግር መንገዱን ደቂቃ ማወቅ ነው።

ዶርም ውስጥ ደግሞ ከሌላ እምነት ልጆች ጋር ይኖራል። ለፈጅር የሞላው ስልክ ደጋግሞ ጮኾ ሁሉንም ቀስቅሶ እሱን ብቻ ካልቀሰቀሰ ጥፋቱ የእሱ ነው። በረመዳን ሱሑር ቀስቅሶ፣ በዐቢይ ጾም ቀን «ዛሬ አትብላ፣ ጾም ነው» እየተባባለ ዓመቱን የጨረሰ ስንት አለ! የሥጋው ነገር በየካፌው ለየብቻ መሠራቱ ጓደኝነቱን አይከለክልም።

የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ በብዙ ግቢ ትልቅ ውለታ ይውላል። አዲስ ገቢ ይቀበላል፣ ቱቶሪያል ያዘጋጃል። አላህ ይመንዳቸው። የምናገረው ሊያስቆጣ ቢችልም ማለፍ ግን አልፈልግም፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪን በመጣበት ወር «የማን ወገን ነህ?» ብሎ በመዝሀብና በመንሀጅ ክርክር መጥመድ በደል ነው። ሌሊቱን ሲከራከር አድሮ ጠዋት ፈተና ላይ የሚያንቀላፋ ዳዒ ለዲኑም ለፋኩልቲውም አልሆነ።

የእህቶች ነገር ደግሞ ይብሳል። ወንዶቹ የሚረዳዱት በአመዛኙ ከሰላት በኋላ በመስጂድ ደጃፍ ነው፤ ሃንድአውቱም ወሬውም እዚያ ይለዋወጣል። እህት በፈጅር ጨለማ ከግቢ ወጥታ መስጂድ አትሄድም፤ ስትሄድም ለሴቶች የተተወው ቦታ ጠባብ ነው። ከቤት የሚደወልላት ስልክ ማስጠንቀቂያ ይበዛበታል። ስለዚህ መረጃው ሳይደርሳት ይቀራል። ሲኒየር እህቶች በየዶርሙ አዲስ ገቢዎችን ቢፈልጉ፣ ጀመዓውም የሰበሰበውን የፈተና ወረቀት እኩል ቢያደርሳቸው ከባድ ነገር አይደለም።

አንሷሩ ማነው?

ይህን ጋዜጣ የሚያነበው በአብዛኛው የከተማ ሰው ነውና አንሷሩ እኛ ነን። አባቶቻችን ይህን ያውቁበት ነበር። ወሎ ውስጥ ዳናን፣ ጀማ ንጉሥንና ጌታን ወደመሳሰሉ የዒልም ቦታዎች ደረሳ ባዶ እጁን ሲመጣ ያገሩ ሰው ያበላው ነበር፤ ቀደም ያለው ደረሳ አዲሱን ያስቀራው ነበር። የኪታብ ተማሪን እንዲህ ያስተናገደ ሕዝብ የሜዲሲንና የኢንጂነሪንግ ተማሪን በመስጂዱ እያየ ዝም ማለቱ ለምን ይሆን?

ከዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለ መስጂድ ኮሚቴ በመስከረምና በጥቅምት ከጁምዓ በኋላ አዲስ ገቢዎችን አስቀርቶ ስማቸውን ቢመዘግብ ወጪ የለውም። መግሪብና ዒሻ መካከል አንድ ክፍል ከነመብራቱና ከነጠረጴዛው ለንባብ ቢከፈት ወጪው ትንሽ ነው። አንድ ቤተሰብ አንድ ተማሪ ቢይዝ፣ እሑድ ምሳ ቢጋብዘው፣ የዒድ ቀን ካፌ ውስጥ ብቻውን እንዳይበላ ቢያደርግ ገንዘብ ስጡ ማለት አይደለም። ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም መምህር የሆነ ሰው ካለ ደግሞ ስልክ ቁጥሩን ይስጥ። ወላጆችም ስትደውሉ ሰላቱን ከጠየቃችሁ በኋላ «ያልገባህ ኮርስ የትኛው ነው? ማንን ጠየቅህ?» በሉት። ከ30 ዘጠኝ ያመጣ ልጅ ለአባቱ ሊናገር የሚችለው እንዲህ ከተጠየቀ ነው።

ያ የተሰናበተው ልጅ ከአንድ ዓመት በኋላ በሪአድሚሽን ተመለሰ። በዚህኛው ጊዜ ግን ከዙህር ሰላት በኋላ አንድ የማያውቀው ሲኒየር ያዘውና ምን እንደሚማር ጠየቀው። ሲነግረው እጁን ይዞ አስፋልቱን አሻገረው፤ የትምህርት ክፍሉ ወረቀቶች ሁሉ የሚገኙባትን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳየው። ልጁ ዓመት ሙሉ በበሯ ሲያልፍ ኖሯል።