በተግባር ትምህርት መረዳትን ከሽምደዳ የመለየት ጥያቄ፦ ከወልቂጤና ከቡታጅራ ቤተ ሙከራዎች አንጻር

መግቢያ

በወልቂጤ ከተማ ንጹሕ ውሃ ክፍት በሆነ ዕቃ ሲፈላ ቴርሞሜትሩ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አያሳይም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃው የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ከዚያም ከፍ ብላ በምትገኘው ቡታጅራ ወደ 93 ዲግሪ ይጠጋል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ሙከራውን በእጁ አከናውኖ በዘገባው ላይ «100» ብሎ ቢጽፍና ሙሉ ማርክ ቢሰጠው፣ የተመዘነው ምን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ተማሪው ዓይኑ ያየውን ትቶ ከመጽሐፍ የያዘውን ጽፏል፤ ምዘናውም ይህንኑ አጽድቆለታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተግባር ትምህርት በራሱ ከሽምደዳ እንደማያድን ማሳየትና መምህራን በአነስተኛ ወጪ ሊጠቀሙባቸው የሚችሉ የምዘና ስልቶችን ማመላከት ነው።

የችግሩ ይዘት

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ግቡ ያደረገ፣ ተከታታይ ምዘናንም የደነገገ ነበር። ይሁን እንጂ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። አኃዙ ብቻውን ስለ ሽምደዳ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ የመጻሕፍት እጥረት፣ የመምህራን ዝግጅትና ሌሎች ምክንያቶችም አሉበት። ነገር ግን እነዚህ ተማሪዎች ከክፍል ወደ ክፍል የተዛወሩት በትምህርት ቤት ምዘና አልፈው ነው። ስለሆነም የክፍል ውስጥ ማርክ ምን ያህል እውቀትን ይወክላል የሚለው ጥያቄ መልስ ይሻል።

ብዙ ጊዜ መፍትሔው «ተግባር ይጨመር» የሚል ነው። ሆኖም ተግባርም ይሸመደዳል። ቅደም ተከተሉ ተጽፎ፣ ውጤቱ አስቀድሞ ተነግሮ የሚሠራ ሙከራ ከተማሪው የሚጠይቀው መመሪያን መከተል ብቻ ነው። አዮዲን በድንች ላይ ጠብ ሲል ወደ ጥቁር ሰማያዊ እንደሚለወጥ የሸመደደ ተማሪ ሙከራውን ያለ ስሕተት ሊሠራ ይችላል። መረዳቱ የሚታወቀው «ቡላ ላይ ቢደረግስ? ቅቤ ላይስ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ስታርች ምን እንደሆነ የገባው ተማሪ ከእንሰት የሚገኘው ቡላ እንደሚለወጥ፣ ቅቤ ግን እንደማይለወጥ ከነምክንያቱ ይናገራል፤ ያልገባው «ይህ በመጽሐፉ የለም» ይላል።

የቃል ትምህርት ስፍራ

ይህ ሲባል በቃል መያዝ ይናቅ ማለት አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ግሱን በቃሉ ያጠናል፤ የሚመዘነው ግን የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ሲነግር ነው። የሌላውን ቅኔ ቢደግም የራሱ ችሎታ አይቆጠርለትም። በእስልምና ትምህርትም ቁርኣንን በቃል መያዝና ተፍሲር መማር የተለያዩ እርከኖች ናቸው። ሁለቱም ነባር ሥርዓቶች ቃልን ለመረዳት መሠረት ያደርጋሉ እንጂ አንዱን በሌላው አይተኩም። የዘመናዊው ቤተ ሙከራ ምዘና የጎደለው ይህ ልዩነት ነው።

ሦስት የምዘና ስልቶች

አንደኛው ስልት መተንበይ፣ መመልከትና ማብራራት ነው። ሪቻርድ ኋይትና ሪቻርድ ጋንስቶን በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው የተነተኑት ይህ ስልት ተማሪው ከሙከራው በፊት ግምቱን ከነምክንያቱ እንዲጽፍ ያዛል። ከዚያ ያየውን ይመዘግባል፤ በመጨረሻም ግምቱና ያየው የተለያዩበትን ምክንያት ያስረዳል። «100» የገመተና 94 ያነበበ ተማሪ የአየር ግፊትን ጉዳይ ለማንሳት ይገደዳል። ግምት በመሳሳቱ ማርክ መቀነስ የለበትም፤ ከተቀነሰ ተማሪው ውጤቱን አይቶ ግምቱን ያስተካክላል።

ሁለተኛው አንድ ሁኔታ ለውጦ መጠየቅ ነው። «እሳቱ ቢጨመር የሚፈላው ውሃ ሙቀት ከ94 ያልፋል?» የሚለው ጥያቄ ፍልውሃን ከእሳት ኃይል ጋር ብቻ የሚያያይዘውን ተማሪ ይለያል። መልሱ አያልፍም ነው፤ ውሃው ፈጥኖ ይተናል እንጂ።

ሦስተኛው ምክንያትን ከመልስ ለይቶ መመዘን ነው። ከወልቂጤ ወደ ጅማ ሲወረድ በሚያቋርጠው የጊቤ ሸለቆ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከወልቂጤው ይበልጣል። አንድ ተማሪ «ይበልጣል፤ ቆላ ስለሆነ ይሞቃል» ቢል መልሱ ትክክል፣ ምክንያቱ ግን ስሕተት ነው። ትክክለኛው ምክንያት ሸለቆው ዝቅ በማለቱ የአየር ግፊቱ ከፍ ማለቱ ነው። የምርጫ ጥያቄ እነዚህን ሁለት ተማሪዎች ሊለይ አይችልም።

ለአፈጻጸም ያህል ከ10 ማርክ 2ቱ ለዕቃ አያያዝ፣ 2ቱ ያነበቡትን ሳይለውጡ ለመመዝገብ፣ 2ቱ ምክንያት ላለው ግምት፣ 4ቱ ለማብራሪያ ቢደለደሉ ክብደቱ ወደ መረዳት ያዘነብላል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው የተማሪ ብዛት ነው። በተጨናነቀ ክፍል እያንዳንዱን ተማሪ በቃል መጠየቅ አይቻልም። ሆኖም ከየቡድኑ አንድ ተማሪ በዕጣ ተመርጦ ስለ ቡድኑ ሥራ ቢጠየቅ፣ ማን እንደሚጠየቅ ስለማይታወቅ ሁሉም ለመረዳት ይዘጋጃል። ይህ ማርክ ግን ለቡድኑ ከሚሰጠው ጥቂት ድርሻ ማለፍ የለበትም፤ የአንዱ ድክመት በሌላው ላይ መውደቅ አይገባውምና።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ሐሳቡ ገብቶት በእንግሊዝኛ መግለጽ ያቃተው ተማሪ ከሸምዳጁ በታች ሊመዘን ይችላል፤ ሸምዳጁ የመጽሐፉን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይገለብጣልና። ማብራሪያ በሚጠየቅበት ጊዜ በአማርኛ ወይም በጉራጊኛ እንዲመልስ መፍቀድ ሳይንሱን ከቋንቋው ለይቶ ለመመዘን ይረዳል።

ሦስተኛው አዲስ ጥያቄም ውሎ አድሮ የሚሸመደድ መሆኑ ነው። የቡላው ጥያቄ ከዓመት ዓመት ከተደጋገመ መልሱ በተማሪዎች ደብተር ይዞራል። ስለዚህ የሚቀመጠው ጥያቄው ሳይሆን ጥያቄ የማውጣት ልማዱ ሊሆን ይገባል። በአንድ ትምህርት ቤት የሚገኙ የአንድ ትምህርት መምህራን በየወሰነ ትምህርቱ ጥቂት አዳዲስ ጥያቄዎችን በጋራ ቢያዘጋጁ ሸክሙ ይቀላል።

ማጠቃለያ

ተማሪ የሚማረው ማርክ የሚያስገኝለትን ነው። ምዘናው የታወቀውን ውጤት መድገምን ከሸለመ፣ ቤተ ሙከራው የቱንም ያህል በዕቃ ቢሟላ ሽምደዳን ያሳድጋል። በአንጻሩ አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ምድጃና «ለምን?» የሚል ጥያቄ ባሉበት መረዳትን መለየት ይቻላል። ቀጣይ ጥናቶች እነዚህ ስልቶች በሁለቱ ከተሞች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተግባር ሲፈተኑ፣ በክፍል ማርክና በብሔራዊ ፈተና ውጤት መካከል ያለውን ርቀት ያጠብቡ እንደሆነ ቢመረምሩ ይጠቅማል።