ጣታችን የማይሰማው ብልጭታ

በደረቁ የበጋ ወራት፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሹራባችንን ስናወልቅ የመንጣጣት ድምፅ እንሰማለን፤ ትናንሽ ብልጭታዎችንም እናያለን። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተነካክተው ሲለያዩ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። በዚህ መንገድ የሚጠራቀመው ቻርጅ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይባላል። ለሹራብ ለባሹ ጨዋታ የሚመስለው ይህ ክስተት፣ በቤቱ ኤሌክትሮኒክስ ለሚሞክር ጀማሪ ግን ብርቱ ጠላት ነው።

ጀማሪው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው «ምንም አልነዘረኝም» ብሎ ሲተማመን ነው። የስታቲክ ንዝረት የሚሰማን ቮልቴጁ 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። ሞስፌት በተባለው ትራንዚስተር ውስጥ ግን ጌቱን ከቀረው ክፍል የሚለየው እጅግ ስስ የሲሊከን ኦክሳይድ ሽፋን ነው። ለብዙዎቹ ሞስፌቶች የሚፈቀደው ከፍተኛው የጌት ቮልቴጅ 20 ቮልት ብቻ ነው። እንግዲህ እኛ ሳይሰማን ሽፋኑ ሊበሳ ይችላል። ይባስ ብሎ፣ በከፊል የተጎዳ ዕቃ ዛሬ ሠርቶ ከሳምንታት በኋላ ሊበላሽ ይችላል፤ እኛም ጥፋቱን ከብየዳው ወይም ከንድፉ ስንፈልግ እንደክማለን።

መፍትሔው ሰውነታችንን ከመሬት ጋር የሚያገናኝ የእጅ አንጓ ማሰሪያ ነው። በማሰሪያው ውስጥ የ1 ሚሊዮን ኦም ሬዚስተር አለ። ይህ ለምን አስፈለገ? እጃችን በድንገት 220 ቮልት ቢነካ፣ በኦም ሕግ መሠረት በማሰሪያው በኩል የሚያልፈው ከረንት 220 ÷ 1,000,000፣ ማለትም 0.22 ሚሊአምፔር ብቻ ይሆናል። ስታቲኩ ግን በዚያው ሬዚስተር በኩል ከሴኮንድ አንድ ሺኛ ባነሰ ጊዜ ይፈስሳል። ስለዚህ ማሰሪያውን በተራ ሽቦ መተካት ለሕይወት አደገኛ መሆኑን አንርሳ። ማሰሪያ ብናደርግም ኃይል ባልተቋረጠ ዕቃ ላይ አንሥራ።

ማሰሪያ ከሌለንስ? የመሬት መስመሩ በትክክል የተዘረጋለትን መሣሪያ ያልተቀባ ብረት አስቀድመን፣ በሥራው መካከልም ደጋግመን እንንካ። ቺፑን እስክንገጥመው ድረስ ከመከላከያ ከረጢቱ አናውጣ፤ ቦርዱን በጠርዙ እንያዝ፤ ፌስታልና ስፖንጅ ከጠረጴዛው እናርቅ። ዕቃውን ለሌላ ሰው ስናቀብልም አስቀድመን እጅ ለእጅ እንነካካ፤ በሁለታችን መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ከሌለ ብልጭታ አይኖርምና።