ከሰራፕታ በር እስከ እንጦጦ ዳገት

የዚህን ወር ጥናታችንን ከመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 ወስደናል። ታሪኩን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። በአክዓብ ዘመን ዝናም ተከለከለ፤ የኮራት ፈፋ ደረቀ፤ ነቢዩ ኤልያስም በሲዶና አጠገብ ወዳለችው ወደ ሰራፕታ ተላከ። በከተማይቱ በር አንዲት መበለት አገኘ። ስለ ማድጋው ዱቄትና ስለ ማሰሮው ዘይት ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ሴቲቱ በዚያች ሰዓት ምን ትሠራ እንደነበረ ግን አብዛኞቻችን ብንጠየቅ ቶሎ አንመልስም። እንጨት ትለቅም ነበር።

እንጨት የምትለቅም እናት ለእኛ ሩቅ አይደለችም። ስድስት ኪሎ የምንማር ሁሉ ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ በኩል የሚወርዱትን እናቶች አይተናል። የባሕር ዛፍ ጭራሮውና ቅጠሉ በጀርባቸው ላይ አግድም ታስሮ ከመንገዱ ግማሹን ይይዛል፤ ታክሲ ሲመጣ በጎን ዞረው ያሳልፉታል። ሸክሙ ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። በኪዳነ ምሕረት ወይም በማርያም በር ሲያልፉ ለመሳለም ጎንበስ ማለት አያስፈልጋቸውም፤ ድሮውንም ጎንብሰዋል።

ባሕር ዛፉ ራሱ ታሪክ አለው። አዲስ አበባ ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው የአገር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ አለቀ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ግድም፣ ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ መጥቶ ተተከለና ከተማይቱ ከማገዶ ችግር ተረፈች። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ የከተማው እንጀራ የተጋገረው ከዚያ ተራራ በወረደ ማገዶ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። የብዙውም አጓጓዥ የሴት ጀርባ ነበር።

ስለነዚህ እናቶች ሲነሣ «እንዴት ያሉ ጠንካሮች ናቸው!» እንላለን። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን ጥንካሬው ምን እንደሆነ ጠጋ ብለን ብናይ ከትከሻ ይልቅ ስሌት ይበዛበታል። እናቲቱ ጎሕ ሳይቀድ የምትወጣው ለትጋት ብቻ አይደለም፤ የደን ጠባቂ ከመድረሱ በፊት ጨርሳ ለመውረድ ነው። ጠባቂው ካገኛት እንጨቱም፣ ገመዱም፣ የቀኑም ድካም ይወሰድባታል። ጭራሮውን ለይታ ታስራለች፤ ቅጠሉንም እንዲሁ፤ ቅጠል ቶሎ ስለሚነድ ምጣድ ለጣደች ሴት ይፈለጋልና። ገንዘቡ ገና እጇ ሳይገባ በልቧ ተከፋፍሏል፦ ይህን ያህል ለዱቄት፣ ይህን ያህል ለሽሮና ለጨው፣ ይህን ያህል ለልጅ ደብተር፣ የቀረው ለእቁብ። እቁብ ስንል የነጋዴውን ትልቁን አይደለም፤ ሳንቲም ከሳንቲም የሚለቃቀምበትን የሰፈሩን ነው። በዚያ እቁብ ተራው የደረሰው ሰው ለወለደች ወይም ልጇን ትምህርት ቤት ለምታስገባ ጎረቤት ዕጣውን ይለቃል። ምጣኔ ሀብት የምናጠና ተማሪዎች በክፍል የማንማረው ብዙ የምጣኔ ሀብት እዚያ አለ።

አንድ ነገር እንጨምር። ፀሐይ ሲያዘነብል የእንጨቱ ዋጋ ይወርዳል። እንጨቱ አልረጠበም፤ እናቲቱ ግን ሸክሟን ይዛ ወደ ቤት አትመለስም፣ ልጆቿም አልበሉም። ገዢው ይህን ያውቃል። ገዢው ማን ነው ቢባል፣ ብዙ ጊዜ የእኛ ቤት ነው።

ሸክሙ ሥጋን ይበላል። የወገብና የጉልበት ሕመም የተለመደ ነው፤ በእርግዝናና በአራስነት ከባድ ሸክም የማሕፀን መውጣትን ሊያስከትል እንደሚችል ሐኪሞች ያስተምራሉ። ነገሩም የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ከ2 ቢሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ዛሬም በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና እነዚህን በመሳሰሉ ጢሳም ማገዶዎች ያበስላል። በታዳጊ አገሮች ማገዶውን ፈልጎ የማምጣት ሥራ በአብዛኛው የወደቀው በእናቶችና በሴቶች ልጆች ላይ ነው።

ወደ ሰራፕታዋ እናት እንመለስ። እርስዋም ስሌት ነበራት፤ ስሌቷም አልቆ ነበር። የምትለቅመው እንጨት ለመጨረሻው እንጎቻ ነበር፤ እርስዋና ልጅዋ በልተው ሊሞቱ። ነቢዩን ደፍራ ይህንኑ ነገረችው። ኋላም ልጅዋ ታሞ በሞተ ጊዜ ዝም ብላ አልተቀበለችም፤ በምሬት ተናገረችው። ኤልያስ «ጠንካራ ነሽ» ብሎ አላለፋትም። ዱቄቱ አላለቀም፤ ልጁም ተነሣ። እኛ ግን ጥንካሬን ማመስገን ስለሚቀለን ዱቄቱን የረሳን ይመስለናል። መቼም በእናቶች ስም ግጥም ማንበብ ደስ ይላል፤ ከወጪም ነፃ ነው።

ወገብን የሚያሳርፉ ነገሮች አሉ። «ምርጥ» የሚባለው ምጣድ በሦስት ጉልቻ ከመጋገር ግማሽ ያህሉን ማገዶ ይቆጥባል። እንጨት መሸከምን ትተው በማኅበር ተደራጅተው ነጠላና ሻርፕ በመሸመን የሚተዳደሩ እናቶች በዚያው በእንጦጦ ግርጌ ይገኛሉ። በ2013 ዓ.ም. ተራራው ላይ ፓርክ ሲከፈት ደግሞ ከፊሎቹ እዚያ ሥራ አገኙ። ለሁሉም ግን አልደረሰም።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን የመዝሙር ልምምድ ቅዳሜ በ8 ሰዓት ነው። ሦስት ጊዜ የቀረ ከመዘምራን ዝርዝር እንዲሰረዝ ደንቡ ያዛል። ባለፈው መንፈቅ ከተሰረዙት መካከል ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናታቸው ጋር ወደ ተራራው የሚወጡ እኅትማማቾች ናቸው። በመዝገቡ ላይ ከስማቸው አንጻር «ያለ ምክንያት» ተብሎ ተጽፏል። የጥናት ክፍሉ ልምምዱ ወደ ምሽት 12 ሰዓት እንዲዛወርና የሁለቱ ስም እንዲመለስ ለሥራ አመራሩ ጽፏል። ለሚመጣው እሑድ ስብሰባ ምዕራፉን ከቁጥር 8 እስከ 24 አንብባችሁ፣ ስለ ሰዓቱም አሳባችሁን በጽሑፍ ይዛችሁ ኑ።