ስለ ሃይድሮሊክ የቶርኖ ቸክ አመራረጥና አገጣጠም

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ማክሰኝት የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በአካባቢዋ ጤፍ፥ ማሽላና ሽምብራ ይመረታል፤ እህል ባለበትም ሁሉ ወፍጮ አለ። ወፍጮም ዘንጉ ሲሰበር ወይም ፑሌጃው ሲሰነጠቅ ባለቤቱ የቶርኖ ቤት ደጃፍ መርገጡ አይቀርም። ስለዚህ የቶርኖ ዕቃ የሚያስመጣና የሚሸጥ ነጋዴ፥ መሣሪያው ለማን እንደሚጠቅምና እንዴት እንደሚገጠም ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባዋል።

ቸክ የሚባለው በቶርኖው ዋና ዘንግ አፍ ላይ ተገጥሞ፥ የሚቀረፀውን ብረት በመንጋጋዎቹ ጨብጦ የሚያሽከረክር መሣሪያ ነው። የእጁ ቸክ በቁልፍ ይጠብቃል። በሃይድሮሊኩ ግን ከዘንጉ በስተኋላ ባለው ሲሊንደር ውስጥ ዘይት ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም በዘንጉ ውስጥ በሚያልፍ መሳቢያ ቱቦ አማካይነት መንጋጋዎቹን ይከፍታል፥ ይዘጋልም።

ዛሬ አንድ ዘንግ፥ ነገ ሌላ ዕቃ ለሚጠግን ቤት የእጁ ቸክ ይበቃዋል። የሃይድሮሊኩ መንጋጋ የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፥ የዕቃው ልክ በእጅጉ በተለወጠ ቁጥር መንጋጋውን ፈትቶ ማዛወር ግድ ይሆናል። ዋጋውን የሚመልሰው አንድ ዓይነት ዕቃ በመቶ እየቆጠረ ለሚያወጣ ፋብሪካ ነው። ይህን ሳይናገር የሚሸጥ ነጋዴ አንድ ቸክ ሸጦ አንድ ደንበኛ ያጣል።

ትእዛዝ ከመጻፉ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቃል። አንደኛው የዘንጉ አፍ ቁጥር ነው። ኤ2-5፥ ኤ2-6 እና ኤ2-8 የተባሉት አፎች የመቀመጫቸው ስፋት በቅደም ተከተል 82.563፥ 106.375 እና 139.719 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፥ ያለ ማገናኛ ሰሌዳ የአንዱ ቸክ ለሌላው አይሆንም። ሁለተኛው የመሳቢያው ቱቦ ርዝመትና የብሎን ጥርሱ ከሲሊንደሩና ከቸኩ ጋር መስማማቱ ነው። ሦስተኛው የመንጋጋው መቀመጫ ጥርስ ነው። የአሜሪካው ልክ 1/16 ኢንች በ90 ዲግሪ ሲሆን፥ በጃፓን ቸኮች የተለመደው 1.5 ሚሊ ሜትር በ60 ዲግሪ ነው፤ ለዓይን ቢመሳሰሉም አይጋጠሙም።

በገጠማ ጊዜ አስቀድሞ መኪናው ከኤሌክትሪክ ይቋረጣል። የዘንጉ አፍና የቸኩ ጀርባ ከብናኝና ከጉድፍ ይጸዳሉ፤ በመካከላቸው የቀረች አንዲት የብረት ቅንጣት ቸኩን ታጣምማለችና። ቸኩ ከባድ ስለሆነ በማንሻ ተይዞ ቱቦው ይታሰርለታል፤ ብሎኖቹም በተራ ሳይሆን ፊት ለፊት የሚተያዩት እየተከተሉ ይጠብቃሉ። ከዚያም ዳያል በተባለው ባለ መርፌ መለኪያ የውጭ ዙሩና ፊቱ ይፈተሻል። መዋዠቁ ከ0.02 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ተፈትቶ እንደገና ማጽዳት ያሻል። ለስላሳ መንጋጋዎችም በሥራው ግፊት ቀለበት ጨብጠው ሳሉ በዚያው ቶርኖ ላይ ይቀረፃሉ።

የመጨረሻውና ትልቁ ነገር የግፊቱ ልክ ነው። ግፊቱ ሲበዛ ስስ ቱቦ በመንጋጋው ውስጥ ይጨመደዳል፤ ሲለቀቅም ክብነቱን አጥቶ ይገኛል። ሲያንስ ደግሞ ብረቱ ተፈናጥሮ ሠራተኛውን ሊገድል ይችላል። በተለይ ሊዘነጋ የማይገባው፥ ቸኩ ሲሽከረከር መንጋጋዎቹ ወደ ውጭ መሸሻቸው ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ይህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ቆሞ ሳለ አጥብቆ የያዘ ቸክ በሩጫ ላይ ሊላላ ይችላልና፥ በላዩ የተጻፈው የፍጥነትና የግፊት ወሰን ከቶ አይታለፍም። የመንጋጋው መንገድ ግራሶ ሲያጣም የመጨበጥ ኃይሉ ይደክማል።

ስለሆነም አስተዋይ ነጋዴ ቸኩን ለብቻው አያቀርብም፤ ሲሊንደሩን፥ ቱቦውን፥ ተለዋጭ መንጋጋዎቹን፥ ተስማሚውን ግራሶና የአሠራር መመሪያውን አንድ ላይ አሟልቶ ያስረክባል።